መሐንዲሱና ሕግ ዐዋቂው፤ የአሜሪካ የአልኮል መጠጥ ሕግ እንዴት ተሠራ?

የምሕንድስናና የሕግ ሙያ በተለምዶ የተራራቁ ሆነው ይታያሉ። አንደኛው በብረትና በውሃ፣ በሙቀትና በክብደት ላይ ይሠራል፤ ሁለተኛው በቃልና በሰው ጠባይ ላይ። ስለዚህም አንድ መሐንዲስ ሥራውን ትቶ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የሚያውቁት ሰዎች የቀድሞ ድካሙን ሜዳ ላይ እንደ ጣለ አድርገው ይቈጥሩታል። በአሜሪካ አገር ግን ይህ ዓይነቱ ለውጥ ብዙም አያስገርምም። በዚያ አገር የሕግ ትምህርት የሚጀመረው በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ከተገኘ በኋላ ስለሆነ፣ መሐንዲሱ በሦስት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት የሕግ ባለሙያ ለመሆን ይችላል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሰማሩት በፈጠራ መብት ጥበቃ ሥራ ነው፤ ፓተንት በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ፊት ለመቆም የሳይንስ ወይም የምሕንድስና ዕውቀት በደንብ የሚጠየቅ ግዴታ ነውና። ይሁን እንጂ በአልኮል መጠጥና በንግድ ሕግ የሚሠሩ የቀድሞ መሐንዲሶችም አሉ። በዚህ መስክ የምሕንድስና ዕውቀትን የሚያስገድድ ደንብ የለም። የሚያስገድደው የሥራው ጠባይ ራሱ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጠበቃ ደንበኛ ቢራ ጠማቂ፣ ወይን ጠጅ ነጋዴ ወይም አረቄ አውጪ ነው። ወደ ጠበቃው ቢሮ የሚመጣውም ክርክር ይዞ ሳይሆን የሕንፃ ፕላን ይዞ ነው። የትኛው ክፍል ገና ቀረጥ ያልተከፈለበትን መጠጥ እንደሚይዝ፣ ጋኖቹ ስንት ጋሎን እንደሚይዙ፣ መጠጡ ከየት ተነሥቶ በየትኛው በር እንደሚወጣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስረዳት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የጠርሙሱ ጽሑፍ ይመረመራል፤ ከአከፋፋዩ ጋር ውል ይፈረማል፤ የቤቱ ኪራይ፣ የባንኩ ብድር፣ የሸሪኮቹ ስምምነት ይከተላል። ፕላኑን ማንበብ የማይችል ጠበቃ ደንበኛውን በግማሽ ዐይን ያያል፤ ውሉን ማንበብ የማይችል መሐንዲስም እንዲሁ።

ይህ ሙያ በአንድ ጊዜ የበቀለ አይደለም። ከበስተጀርባው የሁለት መቶ ዓመታት ታሪክ አለ። ታሪኩም አንድ ትልቅ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ሕግ አውጪው ስለ ነገሩ አሠራር ሳይጠይቅ ያወጣው ሕግ ሲሰበር፣ ፍርስራሹ የሚወድቀው በሕግ አውጪው ወይም በሕግ ጣሹ ላይ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ በመንገድ አላፊው ላይ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. የመለኪያ ሕግ

በአልኮል ላይ የሚወጣ ሕግ ከጥንት ጀምሮ የመለኪያ ሕግ ነው። መንግሥት ከመጠጥ ቀረጥ ሊሰበስብ ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ‹‹በዚህ ማሰሮ ውስጥ ያለው ውሃው ስንት፣ አልኮሉስ ስንት ነው?›› የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር የአረቄን ብርታት ለማወቅ በባሩድ ላይ አፍስሶ በእሳት መሞከር የተለመደ ነበር ይባላል። ባሩዱ ከተቀጣጠለ መጠጡ ፈተናውን ዐለፈ፤ ካልተቀጣጠለ ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው። እስከ ዛሬ በውስኪ ጠርሙስ ላይ የሚነበበው ‹‹ፕሩፍ›› የሚለው ቃል ከዚህ ፈተና እንደ መጣ ይነገራል። ይሁንና ባሩድ ለሒሳብ የሚያመች መሣሪያ ስላልነበረ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1816 ባወጣው ሕግ የሳይክስ ሃይድሮሜትር የተባለውን ተንሳፋፊ መለኪያ ኦፊሴላዊ የቀረጥ መሣሪያ አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀረጥ ሹሙ ከሕጉ መጽሐፍ ጋር አንድ ትንሽ የናስ ዕቃ ይዞ ይዞር ጀመር።

በአሜሪካም ገና አዲሱ መንግሥት እንደ ቆመ የመጣው ችግር ይኸው የመለኪያ ችግር ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሐሚልተን የጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል በ1791 በውስኪ ላይ ቀረጥ እንዲጣል አደረገ። ሕጉ በገጠር ያለውን አረቄ አውጪ በሁለት መንገድ እንዲከፍል ፈቀደለት፤ አንደኛው በሚያወጣው መጠጥ ልክ፣ ሁለተኛው በማውጫው ጋን የመያዝ አቅም ልክ በዓመት አንድ ጊዜ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁለተኛው መንገድ ቀላልና ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ጋኑን ዓመቱን በሙሉ እሳት ላይ የሚያቈይ ባለ ሀብት ቀረጡን በብዙ ሺህ ጋሎን ላይ ሲያካፍል፣ እህሉን ከሰበሰበ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያወጣው የምዕራብ ፔንሲልቫንያ ገበሬ ያንኑ ቀረጥ በጥቂት ጋሎን ላይ መሸከም ነበረበት። ገበሬው ሒሳቡን ሳይማር ዐወቀው። በ1794 ዐመፅ ተነሣ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንም ወደ 13,000 የሚጠጋ የሚሊሺያ ጦር አንቀሳቀሰ። ዐመፁ ያለ ብዙ ደም ቢበርድም፣ ቀረጡ በ1802 ተሻረ። ለዐመፁ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ ቢሆንም ከመካከላቸው አንዱ የማውጫው ጋን በዓመት ውስጥ ስንት ቀን እንደሚሠራ በሕጉ ሒሳብ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የተነሣው ጥያቄ ‹‹ውስኪ ማለት ምን ማለት ነው?›› የሚል ሆነ። በ1906 ስለ ምግብና መድኃኒት ንጽሕና የወጣው ሕግ በሐሰት የተሰየመን ዕቃ ይከለክል ስለነበር፣ ስሙን መወሰን ግድ ሆነ። ኬሚስቱ ሃርቪ ዋይሊ ጣዕም ከሌለው አልኮል ጋር የተደባለቀው ውስኪ ሊባል አይገባውም ሲል ተከራከረ። ነገሩ እስከ ፕሬዚዳንቱ ደረሰ። በሙያው ሕግ ዐዋቂ የነበረው ዊልያም ታፍት ማስረጃውን አስቀርቦ ከሰማ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1909 ከእህል የወጣ ድብልቅም ውስኪ ለመባል እንደሚችል፣ ነገር ግን ምንነቱ በጠርሙሱ ላይ ተለይቶ መጻፍ እንዳለበት ወሰነ። በዚህ ውሳኔ የኬሚስቱ ዕውቀትና የዳኛው ሚዛን ጐን ለጐን ቆሙ፤ ዛሬ በመለያ ጽሑፍ ላይ የሚደረገው ክርክር ሁሉ የዚያ ቀን ልጅ ነው።

፪. ዕገዳውና ቀዳዳዎቹ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሥራ ስምንተኛ ማሻሻያ በጥር 1919 ጸድቆ በጥር 1920 ሥራ ላይ ዋለ። የማሻሻያው ቃል የሚያሰክር መጠጥን መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ከለከለ፤ መጠጣትን ግን አልከለከለም። ዝርዝሩን የወሰነው፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ባይስማሙበትም ኮንግሬሱ በድምፅ ብልጫ ያጸናው፣ የቮልስቴድ ሕግ ነበር። ይህ ሕግ ‹‹የሚያሰክር›› የሚለውን ቃል ከመቶ ግማሽ እጅ አልኮል ያለው መጠጥ ሁሉ ብሎ ተረጐመው። ብዙ የማሻሻያው ደጋፊዎች ቢራና ቀላል ወይን ጠጅ የሚቀሩላቸው መስሏቸው ነበር፤ በአንዲት ቁጥር ተስፋቸው ተቈረጠ።

አንድ መሐንዲስ ይህን ሕግ እንደ ግድብ ፕላን ቢመረምረው በመጀመሪያ የሚያየው ቀዳዳዎቹን ነው። አልኮል መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ለቀለም፣ ለሽቶ፣ ለመድኃኒት፣ ለፋብሪካ ሥራ ሁሉ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕጉ ለኢንዱስትሪ የሚውለውን አልኮል፣ በሐኪም የሚታዘዘውን ውስኪና ለቤተ እምነት ሥርዓት የሚሆነውን ወይን ጠጅ መፍቀድ ነበረበት። ፍላጎቱ ባለበት ስለ ቀረ፣ ግፊቱ በሙሉ በእነዚህ ቀዳዳዎች ላይ ወደቀ።

መንግሥት የኢንዱስትሪው አልኮል ለመጠጥ እንዳይሆን መርዝ እንዲቀላቀልበት ያዝዝ ነበር። ኮንትሮባንዲስቶች ኬሚስት ቀጥረው መርዙን ለማውጣት ሞከሩ። መንግሥትም ከ1927 መግቢያ ጀምሮ የሚቀላቀለውን የእንጨት አልኮል፣ ማለትም ሜታኖልን፣ መጠን አበዛ። የእንጨት አልኮል ዐይን ያጠፋል፤ ይገድላልም። በ1926 የገና ሰሞን በኒው ዮርክ ሆስፒታሎች በተመረዘ መጠጥ የታመሙና የሞቱ ሰዎች ሲከማቹ፣ የከተማይቱ ዋና አስከሬን መርማሪ ዶክተር ቻርልስ ኖሪስ መንግሥት መጠጡ እንደሚጠጣ እያወቀ መርዝ መጨመሩን በግልጽ አወገዘ። የሚሞተውም ጥሩ ኮንትሮባንድ መግዛት የማይችለው ድኻ መሆኑን ደጋግሞ አስገነዘበ።

ከዚህ የሚብሰው ግን በ1930 የደረሰው ነው። የጃማይካ ዝንጅብል የተባለ፣ አብዛኛው አልኮል የሆነ መድኃኒት በየፋርማሲው ይሸጥ ነበር። ሰው እንዳይጠጣው በውስጡ ብዙ የዝንጅብል ጭማቂ እንዲኖር፣ እጅግም እንዲመር ሕጉ አዘዘ። የመንግሥቱ መርማሪ ይህን የሚያረጋግጠው ጥቂት ናሙና አፍልቶ፣ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረውን ዝቃጭ በመመዘን ነበር። ፈተናው የሚመዝነው ክብደትን ብቻ ነው፤ የሚመዘነው ነገር ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ውዱንና መራራውን ዝንጅብል ቀንሰው ሌላ ርካሽና ከባድ ነገር ይጨምሩ ጀመር። በመጨረሻም በቀለምና በቫርኒሽ ሥራ የሚያገለግል፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው አንድ ኬሚካል ተገኘ። መጠጡ የመንግሥቱን ፈተና በሚገባ ዐለፈ። ኬሚካሉ ግን የነርቭ መርዝ ስለነበር በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆነ። አብዛኞቹ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚኖሩ የቀን ሠራተኞችና ችግረኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ በዱላ እየተደገፉ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ይህ ሁሉ የሆነው መመዘኛ በሌለበት አልነበረም፤ መመዘኛው የተሳሳተውን ነገር ስለ መዘነ እንጂ።

፫. መሐንዲሱ ፕሬዚዳንት

በዚህ ዘመን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ኸርበርት ሁቨር በሙያው መሐንዲስ ነበር። በ1895 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአውስትራልያና በቻይና በማዕድን ምሕንድስና ሠርቷል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለቤልጅግ ሕዝብ እህል በማቅረብ ስሙ ገንኖ ነበር። በመጋቢት 1929 ሥልጣን ሲይዝ ዕገዳውን በዓላማው ክቡር የሆነ ታላቅ ማኅበራዊ ሙከራ አድርጎ ይመለከተው ነበር። ስለዚህም መሐንዲስ የተበላሸ መሣሪያ ሲያገኝ እንደሚያደርገው፣ አሠራሩን ለማቀላጠፍ ተነሣ። የዕገዳውን ቢሮ በ1930 ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር አዛወረ፤ በቀድሞው የፍትሕ ሚኒስትር በጆርጅ ዊከርሻም የሚመራ አሥራ አንድ አባላት ያሉት ኮሚሽንም አቋቋመ።

ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የሃርቫርድ የሕግ ፋኩልቲ ዲን ሮስኮ ፓውንድ ነበሩ። እኚህ ሰው ራሳቸው ሙያ የለወጡ ምሁር ናቸው። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በዕፀዋት ሳይንስ ሲሆን፣ ወደ ሕግ ከተሻገሩ በኋላ ሕግን ከማኅበራዊ ምሕንድስና ጋር ያመሳሰሉ፣ ሕግ ዐዋቂውም እንደ መሐንዲስ በሥራው ውጤት ይመዘን ያሉ ናቸው። ኮሚሽኑ በጥር 1931 ዘገባውን ሲያቀርብ፣ በጠቅላላው ዕገዳው እንዲሻር አልደግፍም አለ። ነገር ግን አባላቱ እያንዳንዳቸው ያያያዙት የግል አስተያየት ሲነበብ፣ ብዙዎቹ ሕጉ ሳይለወጥ መቀጠሉን እንደማያምኑበት ግልጽ ሆነ። አገሩ በዘገባው ሳቀ፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ።

የሁቨር ስሕተት የምሕንድስና ዕውቀት ከማነስ የመጣ አይደለም፤ ዕውቀቱን በተሳሳተው ቦታ ላይ ከማዋል እንጂ። የተሰጠውን ማሽን በብርቱ ለማሽከርከር ሲጥር፣ ማሽኑ ለተሠራበት ሥራ ይስማማል ወይ ብሎ አልጠየቀም። ተቈጣጣሪው ቢበዛ፣ ወኅኒ ቤቱ ቢሰፋ፣ ቅጣቱ ቢከብድ ግፊቱ ወደ ሌላ ቀዳዳ ይዞር ነበር እንጂ አይቀንስም ነበር።

፬. ሁለቱ ጸሐፊዎች

የተሻለው ጥያቄ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ታዋቂው ባለ ሀብት ጆን ሮክፌለር ልጅየው ከእናት አባቱ ጀምሮ አልኮል የማይቀምስ ሰው ነበር፤ ቤተሰቡም ለፀረ መጠጥ ቤት ማኅበር ብዙ ገንዘብ ሰጥቷል። በሰኔ 1932 ግን ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ለኒኮላስ በትለር በጻፈው ደብዳቤ፣ ዕገዳው ያሰበውን መልካም ነገር እንዳላመጣ፣ ይልቁንም ለሕግ የሚሰጠው አክብሮት እንደ ወደቀ ገልጦ መሻሩን ደገፈ። ብዙ የትግል ጓደኞቹ አዘኑበት። እርሱ ግን ከደብዳቤው ዐልፎ ‹‹ዕገዳው ሲነሣ በቦታው ምን ይተካ?›› የሚለው እንዲጠና ገንዘብ መደበ።

ጥናቱን የመሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሬይመንድ ፎስዲክ በሙያው የሕግ ሰው፣ የአውሮፓንና የአሜሪካን የፖሊስ አሠራር አጥንቶ መጻሕፍት የጻፈ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ሲቋቋም በምክትል ዋና ጸሐፊነት ያገለገለ ነው። ሁለተኛው አልበርት ስኮት መሐንዲስ ነው፤ ሎክዉድ ግሪን የተባለውን የምሕንድስና ኩባንያ ይመራ ነበር። የሥራቸው ፍሬ በ1933 ‹‹ወደ አልኮል መጠጥ ቁጥጥር›› በሚል መንፈስ ርእስ ተሰጥቶት ታተመ፤ መቅድሙን የጻፈው ራሱ ሮክፌለር ነው።

መጽሐፉ ሰካራሙንም ሆነ መጠጥ ቤት ባለቤቱን በመስደብ አልጀመረም። የጠየቀው የቀድሞው መጠጥ ቤት ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ነው። ከዕገዳው በፊት ቢራ ጠማቂዎቹ የመጠጥ ቤቱን ፈቃድ ይከፍሉ፣ ዕቃውን ያሟሉ፣ ገንዘብ ያበድሩ ነበር፤ በምላሹ ሻጩ የእነርሱን ቢራ ብቻ ይሸጣል። ጠማቂዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፎካከሩ በአንድ መንገድ ላይ ሰፈሩ ከሚችለው በላይ መጠጥ ቤቶች ተከፈቱ። ዕዳ ያለበት ሻጭ ደግሞ ለሰከረውም፣ ለልጅም፣ በሌሊትም ለመሸጥ ይገደዳል፤ ቁማርና ሌላም ነገር ይጨምራል። ስለዚህ ክፋቱ የሚመነጨው ከሻጩ ጠባይ ሳይሆን ከበስተጀርባው ከሚገፋው ኀይል ነው። ይህ አስተያየት የመሐንዲስ አስተያየት ነው፤ ቧንቧው ሲፈነዳ የብረቱን ጥራት ብቻ ሳይሆን የፓምፑን ግፊት የሚመረምር።

ከዚህ የተነሣ ያቀረቡት ምክር ግፊቱን መቀነስ ነበር። ቀላሉን ቢራ ከብርቱው አረቄ መለየትና ለቀላሉ ሰፋ ያለ መንገድ መስጠት፤ የብርቱውን መጠጥ ሽያጭ ትርፍ በማይሻ የመንግሥት ድርጅት እጅ ማድረግ፤ ይህን ለማይወድ ክፍለ ግዛት ደግሞ ከፖለቲካ ነጻ በሆነ አንድ ቦርድ የሚሰጥ ፈቃድ ማቆም፤ ጠማቂው መጠጥ ቤቱን በገንዘብም ሆነ በዕቃ እንዳይዘው መከልከል፤ ቀረጡንም ለገቢ ብቻ ሳይሆን ለቁጥጥር እንዲያገለግል አድርጎ መወሰን ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከሁሉም በላይ ሕጉ የአካባቢው ሕዝብ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ እንዳይሆን አስጠነቀቁ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከመቶ 3.2 እጅ አልኮል ያለው ቢራ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ይህ ቁጥር በክብደት የተቈጠረ ነው፤ አልኮል ከውሃ ስለሚቀል በይዘት ሲለካ ወደ 4 ከመቶ ይጠጋል። በትናንቱ ሕግ ግማሽ ከመቶ ‹‹የሚያሰክር›› ሲሆን፣ በዛሬው 3.2 ‹‹የማያሰክር›› ተባለ። በታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ሃያ አንደኛው ማሻሻያ ጸድቆ ዕገዳው ተሻረ፤ መጠጥን የመቈጣጠሩም ዋና ሥልጣን ለየክፍለ ግዛቱ ተተወ። በ1935 የወጣው የፌዴራል የአልኮል አስተዳደር ሕግ የፈቃድን፣ የመለያ ጽሑፍንና የንግድ አሠራርን ደንብ ደነገገ። በብዙ ክፍለ ግዛቶች አምራቹ፣ አከፋፋዩና ቸርቻሪው እርስ በርሳቸው እንዳይወራረሱ የሚለየው የሦስት ደረጃ ሥርዓት ተቋቋመ። አሥራ ሰባት ክፍለ ግዛቶችም እስከ ዛሬ ድረስ የአንዳንድ መጠጦችን የጅምላ ወይም የችርቻሮ ንግድ በራሳቸው እጅ ይዘዋል።

፭. ያረጀው መድኃኒት

መልካም ሕንፃም ቢሆን በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል። የሦስት ደረጃው ሥርዓት የድሮውን መጠጥ ቤት እንዳይመለስ አድርጎ ያዘው፤ ነገር ግን መካከል ላይ የቆመው አከፋፋይ ከጊዜ ወደ ጊዜ በረታ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች አምራቹ ከአከፋፋዩ ጋር ያደረገውን ውል በቀላሉ እንዳያፈርስ የሚከለክል ሕግ አወጡ። በማስታወቂያ ውድድርና በትላልቅ ፋብሪካዎች መስፋፋት ምክንያት በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገሩ የቀሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከመቶ በታች ነበሩ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ሰው በቤቱ ለራሱ የሚጠምቀውን ቢራ ከቀረጥ ነጻ አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብም በዓመት እስከ 200 ጋሎን ፈቀደ። ጋራዥ ውስጥ መጥመቅ የለመዱት ሰዎች ቀስ በቀስ ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ2022 ቁጥራቸው ከ9,000 በላይ ደርሶ ነበር። እነዚህ ትናንሽ አምራቾች ቢራቸውን መጥመቅ እንጂ የአርባና የሃምሳ ክፍለ ግዛት ደንብ ማንበብ አልቻሉም። በመግቢያው የተጠቀሰው ጠበቃ በእውነት ያስፈለገው በዚህ ጊዜ ነው።

ፍርድ ቤቶችም የቀድሞውን ግንብ መመርመር ጀመሩ። የ1935ቱ ሕግ ቢራ ጠማቂዎች በብርታት እንዳይፎካከሩ ብሎ የአልኮሉን መጠን በጠርሙሱ ላይ መጻፍን ከልክሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 ይህን ክልከላ ከመናገር ነጻነት ጋር የሚጋጭ ሆኖ ስላገኘው ሻረው። በ2005 ሚሽገንና ኒው ዮርክ ለራሳቸው ወይን ጠጅ አምራቾች የፈቀዱትን በቀጥታ የመላክ መብት ለሌላው ክፍለ ግዛት አምራች መንፈጋቸው ተገቢ አይደለም ሲል ፈረደ። በ2019 ደግሞ ቴኔሲ የመጠጥ መደብር ለመክፈት የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓመት በክፍለ ግዛቱ የኖረ ይሁን ማለቷን ውድቅ አደረገ። በእነዚህ ሁሉ ክርክሮች ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ግድግዳ የጤናንና የጸጥታን ሸክም የተሸከመ ነው ወይስ የአንዱን ነጋዴ ገበያ ከሌላው የሚከልል ብቻ? ሕንፃ የሚያድስ መሐንዲስም ግድግዳ ከማፍረሱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

፮. ጠጅና ጌሾ

ነገሩ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጠጅ ጥሎ ለገበያ ለማቅረብ ቢፈልግ፣ የፌዴራሉ ደንብ መጠጡን ከማር የተሠራ ወይን ጠጅ ብሎ ይመድበዋል። ደንቡ ለአንድ ሺህ ፓውንድ ማር እስከ አንድ ፓውንድ ሆፕስ፣ ማለትም የቢራ ጌሾ፣ እንዲጨመር ይፈቅዳል። የሐበሻውን ጌሾ ግን በስም አያውቀውም። ስለዚህ ባለ ጠጁ ምን ቅጠልና እንጨት፣ በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ቀን እንደሚገባ በቀመር አዘጋጅቶ ለመሥሪያ ቤቱ ማስረዳት ይኖርበታል። እናቶች በእጅ ልምድና በምላስ ይመጥኑት የነበረው በሚዛንና በቴርሞሜትር መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ ሕግ ብቻ የሚያውቅ ጠበቃ ማመልከቻውን ይሞላል፤ የመጥመቁን አሠራር የሚያውቅ ግን ጌሾ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረድቶ የባህሉን መጠጥ ከነምንነቱ ሊያሳልፈው ይችላል።

በአገር ቤትም በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ደንግጓል። ይህ ለፋብሪካውና ለትልቁ መደብር በሚገባ ይስማማል። በየጓዳው የሚጠመቀው ጠላና የሚወጣው አረቄ ግን ማስታወቂያም፣ ብርታቱን የሚናገር መለያ ጽሑፍም የለውም። የሚያወጡትም አብዛኞቹ በዚያ ገቢ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። በእነርሱ ላይ ደንብ ለማውጣት የሚነሣ ሰው ቢኖር፣ የፔንሲልቫንያውን ገበሬ ጋንና የጃማይካን ዝንጅብል ሚዛን አስቀድሞ ቢያስታውስ ይበጀዋል።

ከዚህ ታሪክ መሐንዲስ ከሕግ ዐዋቂ ይበልጣል የሚል ትምህርት አይወጣም። ሁቨር መሐንዲስ ነበር፤ የተሰጠውን ሕግ ሲያፋጥን ቀረ። የመንግሥቱ ኬሚስቶችም ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዕውቀታቸው ለመርዝ ቅመማ ዋለ። ፎስዲክና ስኮት የተሻለ የሠሩት ሁለቱ ጥያቄዎች ስለ ተገናኙ ነው፤ አንደኛው ‹‹ይህ ነገር እንዴት ይሠራል?›› የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ‹‹ሰው ይህን ለመሸከም ይገባዋልን?›› የሚለው ነው። ከምሕንድስና ወደ ሕግ የተሻገረ ባለሙያ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ራስ ይዟል። የቀድሞ ሙያውን የሚረሳ ከሆነ ከሌላው ጠበቃ የሚለየው ነገር አይኖርም። ካልረሳ ግን ፈተናውን አልፎ በፋርማሲው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ጠርሙስ አንሥቶ፣ ሚዛኑ የመዘነው ምን እንደ ሆነ ከሁሉ በፊት ይጠይቃል። ያን ጊዜ የጠየቀ ሰው ኖሮ ቢሆን፣ አሥር ሺዎች በእግራቸው ቆመው በሄዱ ነበር።